መሳሳም ሲመጣ ሪሞት፣ መጥረቢያ ሲመጣ ዝምታ!

ይድረስ ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤ በተለይም በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ላሏችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም በፊልም መጫን ሥራ ለምትተዳደሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን።



ሰሞኑን ለማኅበራችን ሁለት ዓይነት አቤቱታ ደርሶናል። አንደኛው ወገን፣ «ልጆቻችን ‹ሆረር› የሚሉትን ፊልም እያዩ ሌሊት ይባንናሉ፤ ማኅበሩ ይህን የሰይጣን ሥራ ከሰፈሩ ያጥፋልን» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ፊልም ያው ፊልም ነው፤ ጎረምሳ ልጅ ምን ይሆናል? እኛስ የጅብ ጩኸት እየሰማን አይደል ያደግነው?» ባይ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱንም እናከብራለን። ነገር ግን ሁለቱም ከነገሩ ጫፍና ጫፍ ቆመዋል ብለን እናምናለን። ለምን እንደዚያ እንዳልንም በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ እንጽፋለን። የሚቀየመን ካለ ይቅር ይበለን፤ በሆድ ይዞ ከመኮራረፍ ተናግሮ መግባባት ይሻላል።

የእስካሁኑ ሚዛናችን

እስቲ በየቤታችን የሚሆነውን በሐቅ እንመልከተው። ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ፊልም ያያል። ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ አባት ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ እናት «በስመ አብ!» ትላለች፣ ሪሞቱ ይፈለጋል፣ ጣቢያው ይቀየራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሰን ስንከፍተው አንድ ባል ሚስቱን መጥረቢያ ይዞ ሲያሳድዳት እናገኛለን። ያን ጊዜ ሪሞቱን የሚፈልገው የለም። ቡናው ይቀዳል፣ ቆሎው ይዘገናል፣ የ13 ዓመቷ ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ታያለች። «ልጅቷ ይህን ማየት አለባት ወይ?» ብሎ የጠየቀ ማን አለ?

የእኛ የፊልም ምርመራ እንግዲህ ይህ ነው። የምንመዝነው ገላን ነው፤ አእምሮን አንመዝንም። ራቁት ትከሻ ካላየን «ጨዋ ፊልም ነው» ብለን እንፈርማለን። የልጁ ልብ እንዴት እንደዋለና እንዴት እንዳደረ ግን አንጠይቅም። ክርክራችን ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ነው እንላለን።

የሥነ ልቦና አስፈሪ ፊልም ምንድነው?

ጭራቅ ከጨለማ ዘሎ የሚወጣበት፣ ደም የሚረጭበት ፊልም አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ይስቁበታል። የሥነ ልቦናው ግን ሌላ ነው። ብዙ ደም ላያሳይ ይችላል። ሥራው ጥርጣሬ መዝራት ነው፤ የምታምነው ሰው ያው የምታውቀው ሰው ነው ወይ? በዓይንህ የምታየው እውነት ነው ወይ? ከገዛ ጭንቅላትህስ ወዴት ትሸሻለህ? እያለ ቀስ ብሎ ይገባል። ፊልሙ ሲያልቅ እሱ አያልቅም፤ መብራት ሲጠፋ ይቀጥላል።

በደፈናው እንዳንናገር አንድ ፊልም እንውሰድ። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራው «ዘ ሻይኒንግ» ነው። አሮጌ ቢሆንም ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከሱ በኋላ የመጡ ብዙ ፊልሞችም መንገዱን ተከትለዋል። ታሪኩ አጭር ነው። ጃክ የሚባል፣ ደራሲ መሆን የሚመኝ አባወራ በበረዶ ወራት ተዘግቶ የሚከርም ትልቅ ሆቴል ለመጠበቅ ይቀጠራል። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ይገባል። መንገዱ በበረዶ ይዘጋል። ሰውየው ቀስ በቀስ አእምሮውን ይስታል፤ በመጨረሻም የገዛ ሚስቱንና ልጁን ሊገድል መጥረቢያ ያነሣል።

ልብ በሉ! በዚህ ፊልም ውስጥ በመጥረቢያው የሚገደለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሬሳ በመቁጠር ከሆነ ብዙ የጦርነት ፊልም ከሱ ይብሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ራቁቷን የምትታይ ሴት አለች፤ የእኛ ሪሞት የሚነሣው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ነገር ግን ልጅን የሚጎዳው ሴትዮዋ ናት ወይስ አባትየው? ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ እናትየው ለሐኪም እንደምትናገረው፣ ያ አባት ከዚያ በፊት ሰክሮ ገብቶ የልጁን ትከሻ አውልቆታል፤ ከዚያም መጠጥ ተወ። የፊልሙ እውነተኛ ፍርሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። መናፍስቱ ጌጥ ናቸው። አስፈሪው፣ በር የሚሰብረው ሰው አባት መሆኑ ነው።

እንግዲህ አባቱ አረቄ ጠጥቶ ሲገባ የጫማውን ድምፅ ሰምቶ ሁኔታውን የሚለይ ልጅ በሰፈራችን የለም የሚል ይኖራል? ለዚያ ልጅ «ዘ ሻይኒንግ» ተረት አይደለም። የቤቱ ዜና ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በፊልሙ ላይ ልጅ ሆኖ የተጫወተው ዳኒ ሎይድ በቀረጻው ጊዜ ገና ትንሽ ሕፃን ነበር። ሠሪዎቹ የሚሠራው አስፈሪ ፊልም መሆኑን እንዳያውቅ ተጠንቅቀው ነው ያሠሩት፤ ሙሉውን ፊልም ያየው ከዓመታት በኋላ አድጎ ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ሕፃን ተዋናይ ከፊልሙ ጠበቁት። እኛስ የራሳችንን ልጅ?

«ይጥፋልን» ለሚሉት

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን እንመለስ። ፊልምን በጅምላ «የሰይጣን» ማለት አዲስ ነገር አይደለም። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ዘመን ሕዝቡ የፊልም ማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ይታወቃል። ታዲያ ምን ሆነ? ሲኒማው ቀጠለ፤ ስሙ ለጨዋታ ቀረ። ማውገዝ ብቻውን ፊልምን አላስቆመም፤ ልጅ ተደብቆ እንዲያይ ከማድረግ በቀር። ተደብቆ ያየ ልጅ ደግሞ ሲፈራ «ፈራሁ» ብሎ የሚነግረው ሰው የለውም፤ ከተናገረ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት አየኸው?» ተብሎ ነውና።

ሕጉንም እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። ያው አንቀጽ የወጣቶችን ደህንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ለልጆች የማይስማማ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲተላለፍ ደንግጎ ነበር፤ ያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ተተክቷል። ይህ ሁሉ ለጣቢያ ነው። ፊልሙ ግን ዛሬ በጣቢያ አይደለም የሚመጣው። በሚሞሪ ነው፤ በፍላሽ ነው፤ በቴሌግራም ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት እንኳ ሚሞሪው ከኪስ ወደ ኪስ ይዞር ነበር። ሕግ የጣቢያን በር ሊጠብቅ ይችላል፤ የልጅን ኪስ የሚጠብቅ ግን ቤተሰብ ነው። ስለዚህ «ማኅበሩ ያጥፋልን» ማለት የራስን ሥራ ለሌላ መስጠት ነው።

ደግሞም ፍርሃት ሁሉ መጥፎ አይደለም። የጎረቤታችንን የማንኩሳን ስም በአገር ያሳወቀው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን በወላጆቹ ስለት ታስሮ በሥጋት ሲኖር ያሳየናል። ያንን ያነበበ ጎረምሳ ስለ ሰው ልብ ብዙ ይማራል እንጂ አይበላሽም። ሥነ ጽሑፍም ሆነ ፊልም ፍርሃትን ቢያነሣ ነውር የለውም። ጥያቄው ለማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለው ነው።

«ፊልም ያው ፊልም ነው» ለሚሉት

እናንተም ብትሆኑ አትስቁ! «እኛ በጅብ ተረት አድገናል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አድገናል። ነገር ግን ተረቱን ማን ነበር የሚነግረን? አያታችን ናት። የት? እሳት ዳር፣ ከወንድምና ከእኅት መካከል። አያት ስትተርት ፊታችንን ታያለች። ዓይናችን ከፈጠጠ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እንባ ከመጣ ጅቡን ገደል ትከተዋለች፤ ከዚያም ጋቢዋን አልብሳን እንተኛለን። ፊልም የልጅን ፊት አያይም። በሌሊት 6 ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ በኢርፎን ለሚያየው ልጅ ጅቡን ገደል የሚከትለት የለም። ስለዚህ ያደግንበት ተረት ለዚህ ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም። እንዲያውም የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው።

ጥናትም አለ። ክሪስተን ሃሪሰንና ጆአን ካንተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሥራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ከ10ሩ 9 ያህሉ በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው በፊልም ወይም በቴሌቪዥን ክፉኛ የፈሩበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ከአራቱ አንድ ያህሉ ደግሞ ያ ፍርሃት በዚያን ሰዓት፣ አድገው ዩኒቨርሲቲ ከገቡም በኋላ፣ አልለቀቃቸውም ነበር። ካንተር ሌላም ነገር አስተውላለች። ትንሽ ሕፃን የሚፈራው መልከ ክፉውን ጭራቅ ነው፤ ልጅ ከፍ ሲል ግን የሚያስፈራው ሊሆን የሚችለው ነገር ነው። ስለዚህ «ትልቅ ሆኗል፣ ጭራቅ አይፈራም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። የጎረምሳ ፍርሃት ከጭራቅ አልፎ ወደ ሰው ሄዷል፤ የሥነ ልቦና ፊልም የሚጠብቀውም እዚያው ነው።

የእናንተንም ምስክር አንደብቅም። ኮልታን ስክሪቭነርና ባልደረቦቹ በኮሮና ጊዜ ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በዚያ ጭንቅ ወቅት ከሌሎቹ ያነሰ የመንፈስ መረበሽ አሳይተዋል። ይህ ጥሩ ነው፤ ፍርሃትን በጨዋታ መለማመድ ለአንዳንዱ ሰው ይጠቅማል ማለት ነው። ነገር ግን የተጠየቁት ወደውና መርጠው የሚያዩ አዋቂዎች ናቸው። ጓደኞቹ «ፈሪ!» እንዳይሉት ጥርሱን ነክሶ የሚያይ የ13 ዓመት ልጅ መርጦ አያይም።

ሌላው አገር እንዴት ይዳኛል?

በአሜሪካ የፊልም የዕድሜ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። «ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ይጠንቀቅ» የሚለው ደረጃ የመጣው በ1984 ነው። ከዚያ ከፍ የሚለው ደረጃ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲኒማ ቤት የሚገባው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ብቻ ነው ይላል፤ «ዘ ሻይኒንግ» በዚህ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ደግሞ 12፣ 15፣ 18 እያሉ በቁጥር ይለያሉ።

አሁን ሁለት ፊልሞችን ተመልከቱ። «ዚ አዘርስ» (2001) እና «ዘ ሪንግ» (2002) የሚባሉት በአሜሪካ አንድ ደረጃ ነው የተሰጣቸው፤ ያው የ13ቱ። እንግሊዞች ግን የመጀመሪያውን በ12፣ ሁለተኛውን በ15 አስቀመጡ። በሁለቱም ብዙ ደም የለም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ዳኛ የሚባለው ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ፣ አመዛዝኖ መፍረድ ስላለበት ነው። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የሰዎች ፍርድ ነው፤ የነሱ ሰዎች፣ ለነሱ ልጆች። እኛ ቁጥሩን እንደ መነሻ ልንወስደው እንችላለን። የፍኖተ ሰላምን ልጅ ግን እነሱ አያውቁትም።

የእኛን ልጅ የምናውቅ እኛ ነን

ከተማችን ስሟ የሰላም ጎዳና ማለት ነው። ሆኖም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በከተማችን ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ ልጆቻችን የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፣ ለቅሶ ቤት ውለዋል፤ በክልላችን ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት ቁጭ ብለዋል። አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ሰማዩ ሲያጉረመርም የሚደነግጥ ልጅ አለን። ለዚህ ልጅ በጸጥታና በድንገተኛ ድምፅ የሚጫወት ፊልም ጨዋታ አይደለም፤ ያልዳነ ቁስልን መንካት ነው። የውጭ አገር መዳቢ ይህን በ15ና በ18 ቁጥር ውስጥ አላሰበውም። ማሰብ ያለብን እኛ ነን።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ መንፈስ የሚያወሱ ፊልሞች ናቸው። «ዚ ኤክሶርሲስት» የተባለው የ1973 ፊልም ርኩስ መንፈስ ስለያዛት የ12 ዓመት ልጅ ነው። እንግሊዞች እስከ 1999 ድረስ በቪዲዮ እንዲሸጥ ፈቃድ ሳይሰጡት ዓመታት ቆይተዋል። በለንደን ያለ ልጅ ይህን እንደ ተረት ሊያየው ይችላል። በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው በመንፈስ ያምናል፣ ጠበል ይሄዳል። እምነቱን አንነቅፍም፤ የሚያሳስበን ሌላ ነው። የእኛ ልጅ ፊልሙን ማስረጃ አድርጎ ነው የሚያየው። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ብትወድቅ «እንደ ፊልሟ ናት» ብለው ይሸሿታል። በሽታው መድኃኒት ያለው ሕመም ነው፤ ከበሽታው በላይ ግን መገለሉ ይሰብራታል። ፊልም በተመልካቹ ላይ ብቻ ሳይሆን ባላየችው ልጅ ላይም ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

የምናቀርበው ሚዛን

ገላን ብቻ የሚመዝነውን ሚዛን ጥለን አራት ጥያቄ እንያዝ።

አንደኛ፦ የሚያስፈራው ማነው? ከሩቅ የመጣ ጭራቅ ነው ወይስ አባት፣ እናት፣ የራስ አእምሮ? ፍርሃቱ ወደ ቤት በቀረበ ቁጥር ዕድሜው ከፍ ይበል።

ሁለተኛ፦ መውጫ በር አለው ወይ? በ«ዘ ሻይኒንግ» መጨረሻ ትንሹ ልጅ በበረዶው ላይ የገዛ ዱካውን እየረገጠ ወደ ኋላ ተመልሶ አባቱን ያሳስተዋል፤ እናትና ልጅ ያመልጣሉ። ብልሃት አለ፣ የእናት ፍቅር አለ። በ«ዘ ሪንግ» ግን የተረገመውን ቪዲዮ ያየ ሰው ከሞት የሚድነው ቪዲዮውን ገልብጦ ለሌላ ሰው በማሳየት ነው። «ይህን መልእክት ለ10 ሰው ካልላክህ መዓት ይደርስብሃል» የሚሉት የስልክ መልእክቶች ወንድም ማለት ነው። ደሙ ትንሽ፣ ትምህርቱ ክፉ! በእኛ ሚዛን በአሜሪካ ቀላል ደረጃ ያገኘው ይኸኛው በዚህ በኩል ከከባዱ ይብሳል።

ሦስተኛ፦ ልጁ ምን ተሸክሟል? ሰው ሞቶበታል? ቤቱ ውስጥ ዱላ አለ? እንቅልፍ ያጣል? አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ልጆች አይደሉም።

አራተኛ፦ አጠገቡ ማን ተቀምጧል? ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ማንም ከሌለ ሌሎቹ ሦስቱ ምላሾች ጥሩ ቢሆኑም እንኳ መልሳችን «አይሆንም» ነው።

በዚህ ሚዛን የኛ ፍርድ እነሆ። «ዘ ሻይኒንግ» ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሁን። ከ16 በላይ ላለው በቀን፣ ከትልቅ ሰው ጋር፣ ካዩ በኋላ ጨዋታ ተደርጎበት ይሁን። መጠጥና ዱላ ባለበት ቤት ለሚኖር ልጅ ግን በ17 ዓመቱም ቢሆን ይቆይለት፤ አስቀድሞ አባትየው ይታከም። «ዚ ኤክሶርሲስት» 18 ዓመት ላልሞላው አይሰጥ። ሙታንን የሚያይ ልጅና የሕፃናት የሥነ ልቦና ሐኪም ታሪክ የሆነው «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» (1999) ደግሞ ፍርሃቱን የሚፈታው በመነጋገር ነው፤ ልጁ የሚድነው ለሚሰማው ሰው ሲናገር ነውና ከ14 ዓመት ጀምሮ ከወላጅ ጋር ቢታይ እንደግፋለን። እንግሊዞች 15 ብለውታል፤ አንድ ዓመት ዝቅ ያደረግነው ወላጅ አብሮ እንዲቀመጥ ስላስገደድን ነው።

ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ሥራ

ፊልም ለምትጭኑ ወንድሞችና እኅቶች፦ «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የጠየቀኝን እሰጣለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም። ሲጋራ የሚሸጥ ባለ ሱቅም ነጋዴ ነው፤ ለ12 ዓመት ልጅ ሲሸጥ ብታዩት ዝም አትሉም። አስፈሪ ፊልሞችን በአንድ ፎልደር ለይታችሁ አስቀምጡ። የልጅ ፊት ያለውን «ስንት ዓመትህ ነው? ቤተሰብህ ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የፈለግኸውን ልሙላልህ» ብሎ ሚሞሪውን በጅምላ መሙላት ይቅር። በዚህ የምታጡት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የምታተርፉት የሰፈር አመኔታ ብዙ ነው።

ለወላጆች፦ ያላያችሁትን ፊልም አትፍረዱበት፤ ያላያችሁትንም አትፍቀዱ። ጊዜ ከሌላችሁ ያየ ትልቅ ሰው ጠይቁ። ልጅ ፈርቶ ቢመጣ «ማን እይ አለህ?» አትበሉት፤ አስቀምጡትና አናግሩት። ፊልም እንዴት እንደሚሠራ መንገርም ፍርሃት ያበርዳል። በ1960 በተሠራው «ሳይኮ» ውስጥ ያ ሁሉ ሰው የጮኸበት የመታጠቢያ ቤት ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ይህን የሰማ ልጅ ይስቃል፤ የሳቀ ልጅ ይተኛል። ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍ እንቢ ካለው፣ ትምህርቱን ከጠላ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለልጆቻችን፦ እናንተም ይህን ሰሌዳ ቆማችሁ እንደምታነቡ እናውቃለን። ፊልም አይታችሁ አለመፍራት ጀግንነት አይደለም። «ይህ አልተስማማኝም፣ ዝጉት» ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ጓደኛችሁ ዓይኑን ሲሸፍን አትሳቁበት፤ በቤቱ ምን እንዳለ አታውቁም።

ለማኅበራችን ለራሱ፦ ሥራውን ለሌላ ብቻ አንጥልም። አንዲት እናት፣ አንድ መምህር፣ ዕድሜው 18 ያለፈ አንድ ወጣት ያለበት ሦስት ሰዎች የሚይዝ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ እናቀርባለን። ኮሚቴው በሰፈሩ የሚዞሩትን ፊልሞች እስከ መጨረሻው አይቶ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆኑና ለምን እንደሆነ በሁለት መስመር ጽፎ በዚህ ሰሌዳ ይለጥፋል። መከልከል ሥልጣኑ አይደለም፤ መምከር ነው። የማይስማማ ሰው ከሥሩ ተቃውሞውን ይጻፍ፤ ቦታ እንተዋለን። በቡሬም በጅጋም ያሉ ሰፈሮች ዝርዝሩን ቢፈልጉ ገልብጠው ይውሰዱ።

በመጨረሻ፣ ለሁለቱም ወገኖች አንድ ቃል እንበል። «ይጥፋ» የምትሉ፣ ፊልሙ ቢጠፋ እንኳ ፍርሃቱ ከልጁ ጋር ይቀራል። «ምንም አይደል» የምትሉ፣ ምንም አለመሆኑን ልጁን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ልጆቻችንን ከፍርሃት ሁሉ ልናድናቸው አንችልም፤ ዘመኑም አልፈቀደልንም። ብቻቸውን እንዳይፈሩ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። እንግዲህ ማታ ሪሞቱን ስታነሡ ለከንፈሩ ብቻ ሳይሆን ለመጥረቢያውም አንሡት።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር
ፍኖተ ሰላም